የናትሱሜ የወዳጆች መዝገብ

ጃፓናዊቷ ዩኪ ሚዶሪካዋ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው ተከታታይ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ነው። ባለታሪኩ ታካሺ ናትሱሜ ወላጅ አልባ ተማሪ ሲሆን «ዮካይ» የሚባሉትን መናፍስት ያያል። አያቱ ሬይኮ መናፍስቱን እያሸነፈች ስማቸውን ያሰፈረችበትን መዝገብ ወርሷል፤ መዝገቡን የያዘ ያዛቸዋል። እሱ ግን ስሞቹን ይመልሳል፦ ወረቀቱን በአፉ ይዞ ያጨበጭብና እፍ ሲል ጽሑፉ ወደ ባለቤቱ ይበራል።

ጠባቂው ማዳራ በወፍራም ድመት አካል የሚኖር፣ ሳኬ የተባለውን የጃፓን የሩዝ መጠጥ የሚወድ መንፈስ ነው። በጥበቃው ምትክ ናትሱሜ ሲሞት መዝገቡን ሊረከብ ተስማምቷል።

የሥራው ጉልበት ያለው በፍልሚያው ሳይሆን በአጫጭር ታሪኮቹ ነው። ለምሳሌ ጹዩካሚ የተባለው የጤዛ አምላክ አማኞቹ ሲመናመኑ መዳፍ አክሏል፤ የመጨረሻዋ አማኝ፣ አሮጊቷ ሃና፣ ስትሞት እሱም ይጠፋል።

ማንጋው እ.ኤ.አ. በ2008 አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ሆኗል።