የኦክስጅን ሽግግር

የኦክስጅን ሽግግር ማለት በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወደ ውሃ ገብቶ መሟሟቱ ነው። ፍጥነቱን በዋናነት ከሚወስኑት መካከል ውሃው በኦክስጅን እስኪጠግብ የሚቀረው ጉድለትና አየርና ውሃ የሚነካኩበት ገጽ ስፋት ይገኙበታል። የጨፋ ሸለቆ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ እዚያ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ከ8 ያልፋል። ከኮምቦልቻ ወደ ጨፋ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ከድንጋይ ጋር እየተላጋ ሲፈስ አየር ቶሎ ይስባል፤ የጨፋ ረግረግ ላይ ሲተኛ ግን ሽግግሩ ይዘገያል።

ጠጣር ቅንጣቶች ሽቅብ በሚወጣ ፈሳሽና አየር በሚንሳፈፉበት ሪአክተር ውስጥ የሽግግሩን ፍጥነት ለመለካት፣ በውሃው ያለው ኦክስጅን መጀመሪያ በናይትሮጅን ይባረራል። ከዚያ አየር ይለቀቃል፤ የኦክስጅን መለኪያም ጭማሪውን ይመዘግባል። አስቸጋሪዎቹ ቅንጣቶቹ ናቸው፦ ደቃቆቹ አረፋዎችን ያዋህዳሉ፣ ትልልቆቹ ይሰባብራሉ። መለኪያው ራሱ ዘገምተኛ ከሆነ ደግሞ የሚነበበው የውሃው ሳይሆን የመሣሪያው ፍጥነት ነው።