የዝናብ መዝገብ፤ የሐበርድ ብሩክ ሸለቆ ታሪክ

ዝናብ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የንጽሕናና የበረከት ምሳሌ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ዝናብ ራሱ ደንንና ዓሣን ይጎዳል የሚል ቃል ሰሚ ለማግኘት ብዙ ዘመን ቢፈጅበት አያስደንቅም። ይህ የኬሚስትሪ ጉዳይ ስለ ሆነ የታሪክ ተማሪዎችን አይመለከትም የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንድ እውነት ከታወቀ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ተዘንግቶ የኖረበትን ምክንያት መመርመር የታሪክ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን አስቀድሞ ያስተዋለው ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ኬሚስት ነው። ይህ ሊቅ በ1852 ዓ.ም. በማንቸስተርና በአካባቢዋ የሚዘንበውን ውሃ መርምሮ፣ ወደ ከተማይቱ በቀረቡ መጠን አሲድነቱ እየበረታ መሄዱን ገለጸ፤ ይህንንም ከድንጋይ ከሰል ጭስ ጋር አያያዘው። በ1872 ዓ.ም. ባሳተመው «አየርና ዝናብ» በተባለው መጽሐፉም «የአሲድ ዝናብ» የሚለውን ስም ተጠቀመ። ሆኖም ብዙ ተከታይ አላገኘም። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የሰው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የአንድ ወቅት ምርመራ ዝናቡ ምን እንደ ያዘ ይናገራል እንጂ፣ በብዙ ዓመት ውስጥ በአፈርና በሐይቅ ላይ የደረሰውን ሊያስረዳ አይችልም።

ይህን ጉድለት የሞላው በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ተራሮች የሚገኘው የሐበርድ ብሩክ ደን ነው። በ1963 ዓ.ም. ኸርበርት ቦርማን፣ ጂን ላይክንስ፣ ኖይ ጆንሰንና ሮበርት ፒርስ በዚያ ምርምር ጀመሩ። ከሸለቆዎቹ በታች ያለው አለት ውሃ የማያሰርግ ስለ ሆነ፣ ሊቃውንቱ በዝናብና በበረዶ የሚገባውን፣ በጅረትም የሚወጣውን እየለኩ እንደ ነጋዴ የገቢና የወጪ መዝገብ ያዙ። ያልተበከለ ዝናብ በአሲድ መለኪያው በፒኤች 5.6 ገደማ ሲሆን፣ በዚያ የተገኘው ግን ወደ 4 የቀረበ ነበረ። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ አሲድነቱ 10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ልዩነቱ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

በዚህ ደን አጠገብ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ታዲያ አሲዱ ከየት መጣ? መልሱ ከሩቅ አገር በነፋስ የሚነዳው ጭስ ነው። የስዊድኑ የአፈር ሊቅ ስቫንቴ ኦዴንም በ1967 ዓ.ም. በጋዜጣ በጻፈው ጽሑፍ በስካንዲናቪያ የሚወርደው አሲድ ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጭስ የሚመጣ መሆኑን አስታወቀ። ጎረቤትን ከጭስ ለማዳን ተብሎ የጭስ ማውጫ ከፍ መደረጉም ጉዳቱን ወደ ሩቅ ሰው ማሻገር ሆነ፤ በካናዳ በሰድበሪ በ1972 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቁመቱ 381 ሜትር ነበረ።

አፈር ለጊዜው በካልሲየሙ አሲዱን ያበርዳል። ካልሲየሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየታጠበ ሲያልቅ ግን አሉሚኒየም ከአፈሩ ተለቅቆ ወደ ጅረትና ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ የዓሣውንም መተንፈሻ ይጎዳል። ሐይቁ ሲታይ ጥርት ያለ ነው፤ ዓሣው ግን የለም።

በመጨረሻ በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የድኝ ጭስ በ1980 ዓ.ም. ከነበረው መጠን በ10 ሚሊዮን ቶን እንዲቀነስ በሕግ ወሰነ። ጭሱም ቀነሰ። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ላይክንስና ባልደረቦቹ መዝገቡን ሲመረምሩ፣ አፈሩ ብዙ ካልሲየም ስላጣ ጅረቶቹ እንደ ታሰበው ፈጥነው እንዳላገገሙ አገኙ። በ1999 ዓ.ም. 45 ቶን ያህል ካልሲየም ያለበት ማዕድን በአንድ ሸለቆ ላይ በሄሊኮፕተር ቢበተን፣ የሜፕል ዛፎቹ ጤና ተሻሻለ። ስለዚህ የጎደለው ነገር ምን እንደ ነበረ በግልጽ ታወቀ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሕግ በአንድ ቀን ቢፈረምም ምድር የተደረገባትን በአንድ ቀን የማትረሳ መሆኗን ነው። ስሚዝ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ክርክሩን የረታው ግን በየሳምንቱ ውሃ እየቀዱ ቁጥር የጻፉ ሰዎች መዝገብ ነው። እኛም ተማሪዎች ፈጥኖ ፍሬ የማይሰጠውን እንዲህ ያለ ሥራ እንዳንንቀው ያስፈልጋል።