ጤነኛ ሰው መድኃኒት ሲውጥ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ጭስ ከታየ ማንም ቅጠል ይዞ ይሮጣል። ጭስ የሌለው እሳት ሲሆንስ? ሰውየው አያስለው፣ አያልበው፣ አልከሳ፤ ሐኪሙ ግን «የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነትህ ውስጥ ተኝቷል፤ ለወራት ኪኒን ትውጣለህ» ይለዋል። «ምንም ሳልሆን?» ማለቱ አይቀርም። እኛም ብንሆን እንደዚያው እንላለን። መልሱን እስቲ ከታሪክ እንፈልግ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅ። ባክቴሪያው የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ከቦ ያስረዋል፤ እስረኛው ግን አልሞተም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ይህን እስረኛ ተሸክሞ እንደሚኖር ይገመታል። ከነዚህም ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ይታመማሉ። ባክቴሪያው እንደተኛ ሳለ ግን ሰውየው ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

መድኃኒቱ ኢሶኒያዚድ ይባላል። በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት ኬሚስቶች ፕራግ ውስጥ ሠርተውት ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ሳይታወቅ ተረሳ። ቲቢን እንደሚያድን ለዓለም የተነገረው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1952 ነው። በነዚያ ዓመታት ስንቱ ደም እየተፋ ሞተ! መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕውቀት ማንንም አያድንም።

በሽተኛን ካዳነ፣ ጤነኛውንስ እንዳይታመም ይጠብቀው ይሆን? አንዱ ታላቅ መልስ የመጣው ከአላስካ፣ በቤተል ከተማ ዙሪያ ካሉት የዩፒክ ሕዝብ መንደሮች ነው። ይህ ሕዝብ በዘመኑ በቲቢ እጅግ ከተጠቁት የዓለም ሕዝቦች አንዱ ነበር። በ1957 በተጀመረው ጥናት ጆርጅ ኮምስቶክ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ቤተሰቦችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ለአንድ ዓመት ኢሶኒያዚድ፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ዋጠ። ኮምስቶክ ራሱና ቤተሰቡም መድኃኒቱን ወሰዱ። በመጨረሻ ሲታይ መድኃኒቱ በደረሳቸው ዘንድ ቲቢ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ከ19 ዓመት በኋላም ጥቅሙ አልጠፋም ነበር። ባዶውን ኪኒን ለዋጡትም በኋላ እውነተኛው መድኃኒት ቀረበላቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጽሐፍ የሚያነሳው የሐኪሙን ስም ነው። ምንም ሳያማቸው፣ በዚያ ብርድ፣ በየቀኑ ኪኒን የዋጡት እናቶችና ልጆች ስማቸው የት አለ? ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምክር በነሱ ጉሮሮ አልፎ የመጣ ነው።

ነገሩ ሁሉ ማር ነው ማለታችን ግን አይደለም። በ1970 ዋሺንግተን፣ ካፒቶል ሂል ውስጥ፣ መከላከያውን ከጀመሩ 2,321 የመንግሥት ሠራተኞች 19ኙ ጉበታቸው ታመመ፤ ሁለቱ ሞቱ። ጤነኛን ሰው ልጠብቅህ ብሎ መግደል ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ጉበትን መከታተልና ከመጠጥ መራቅ የሕክምናው አካል ሆነ። እጅና እግር እንዳይደነዝዝም ቫይታሚን ቢ6 ይጨመራል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰውየው በግልጽ ቲቢ እንዳልታመመ መረጋገጥ አለበት፤ ለታመመ ሰው ይህ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ባክቴሪያው ይለምደዋል።

ሌላው ጠላት መሰልቸት ነው። ስድስት ወር፣ ዘጠኝ ወር በየቀኑ! ያላመመው ሰው አንድ ሳምንት ይውጣል፣ ይረሳል፣ ይተወዋል። በ2011 የታተመ ጥናት ኢሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን አንድ ላይ፣ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት ቢወሰዱ ከዘጠኙ ወር ሕክምና እንደማያንሱ አሳየ። እስከ መጨረሻው የዘለቀውም ሰው በዚህኛው በለጠ። የሰው ልጅ ትዕግሥት ልክ እንዳለው ሳይንስም ዘግይቶ ተማረ ማለት ነው። በአገራችንም ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩና ከቲቢ በሽተኛ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ወገኖች የመከላከያ ሕክምና ይሰጣል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? አገባን እንጂ! ስድስት ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል፣ መስኮት ዘግተን የምናድር ሰዎች ነን። አንዱ ጓደኛችን ኪኒን ሲውጥ ካየን ሹክሹክታ እንጀምራለን፤ አልጋችንንም ፈቀቅ እናደርጋለን። እሱ ግን የሚውጠው እሳቱ እንዳይነሳ ነው፤ ቢነሳ ጭሱ ለሁላችንም ነውና። ስለዚህ አልጋችንን ወደ ቦታው እንመልስ፣ መስኮቱንም እንክፈት፤ ማታ ማታም «ዛሬ ዋጥክ ወይ?» እንበለው።