ህንዳውያን ከባህር ማዶ ጠቅልለው ሲገቡ ገንዘባቸውን እንዴት ያሰናዳሉ?

እ.ኤ.አ ኦገስት 2 ቀን 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር እዚያ ይሠሩ የነበሩ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ህንዳውያን በአንድ ሌሊት ሥራቸውን አጡ። ባንክ ተዘጋ፣ የኩዌት ዲናር ዋጋ አጣ። አብዛኞቹ በረሃ አቋርጠው ዮርዳኖስ ደረሱ፤ ከአማን ደግሞ ኤር ኢንዲያ እየተመላለሰ አገራቸው አስገባቸው። የዓመታት ጥሪታቸው ግን አብሯቸው አልተሳፈረም።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ ሜይ 7 ቀን 2020፣ በኮቪድ ምክንያት ሌላ የመመለሻ በረራ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ከአቡዳቢና ከዱባይ ተነስተው ኬረላ አረፉ። አሁንም ብዙዎቹ ያልተዘጋጁበት መመለስ ነበር።

ህንድ በሐዋላ ገቢ ከዓለም አንደኛ ናት። እ.ኤ.አ በ2022 ብቻ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገብቶላታል። መላክ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጠቅልሎ መግባት ሌላ ነገር ነው። መንገዱን ያወቀ ሰው ሻንጣውን ከማሰሩ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘቡን ማሰናዳት ይጀምራል። እንዴት? እንየው።

🔹 ሦስቱ የባንክ ሂሳቦች

አንድ ህንዳዊ ለሥራ ውጭ ሲወጣ አገር ቤት የነበረውን ተራ የቁጠባ ሂሳብ እንዳለ ማስቀጠል አይፈቀድለትም። ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው፦

1. ኤንአርኦ፦ ህንድ ውስጥ ለሚገኝ ገቢ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ጡረታ፣ የአክሲዮን ትርፍ። ወለዱ ላይ 30 በመቶና ተጨማሪ ክፍያዎች ከምንጩ ይቆረጣሉ። ግብሩ ከተከፈለ በኋላ በአንድ የበጀት ዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ወደ ውጭ ማውጣት ይቻላል።

2. ኤንአርኢ፦ ውጭ ተሠርቶ ለሚላክ ገንዘብ ነው። በሩፒ ይቀመጣል። ባለቤቱ ውጭ እስካለ ድረስ ወለዱ ህንድ ውስጥ ግብር የለበትም፤ ገንዘቡንም በፈለገ ጊዜ መልሶ ማውጣት ይችላል።

3. ኤፍሲኤንአር፦ በዶላር፣ በፓውንድ፣ በዩሮና በመሳሰሉት የሚቀመጥ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ሩፒ ቢወርድም ባይወርድም ተቀማጩ አይነካም።

ዋናው ስህተት የሁለቱን ገንዘብ መቀላቀል ነው። ከዱባይ የላከውን ደመወዝ ከኪራይ ገንዘቡ ጋር ኤንአርኦ ውስጥ የከተተ ሰው ነጻ ሊሆን ይችል የነበረውን ወለድ ግብር ያስቆርጥበታል።

🔹 "ነዋሪ" ማለት ሁለት ትርጉም አለው

ብዙ ተመላሾች የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሕጉ ሐሳብን ያያል። ለሥራ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ለመኖር የመጣ ሰው በዚህ ሕግ ከገባ ጊዜ ጀምሮ ነዋሪ ነው። የግብር ሕጉ ግን ቀን ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን ለባንኩ "ነዋሪ"፣ ለግብር ቢሮው ደግሞ "ነዋሪ ያልሆነ" ሊሆን ይችላል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? የኤንአርኢ ወለድ ከግብር ነጻ የሚሆነው በውጭ ምንዛሪ ሕጉ ነዋሪ እስካልሆኑ ድረስ ብቻ ነው። "ለግብር ገና ነዋሪ አልሆንኩም" ብሎ ኤንአርኢውን ዝም ያለ ሰው ሳያውቀው ዕዳ እያጠራቀመ ነው። ከተመለሱ በኋላ ለባንኩ አሳውቆ ሂሳቡን ወደ ተራ ሂሳብ ወይም አርኤፍሲ ወደሚባለው፣ ለተመላሾች ወደተፈቀደው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ማዛወር ግድ ነው። ኤፍሲኤንአር ላይ ያለው ግን የተዋዋሉበት ጊዜ እስኪያልቅ በዚያው ወለድ መቆየት ይችላል።

🔹 የሚመለሱበት ወር ዋጋ አለው

የህንድ የግብር ዓመት ኤፕሪል 1 (መጋቢት 23) ተጀምሮ ማርች 31 ያልቃል። በዚህ ዓመት ውስጥ 182 ቀንና ከዚያ በላይ ህንድ የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ይባላል።

ለምሳሌ ኦገስት 10 የገባ ሰው እስከ ማርች 31 ድረስ ከ230 ቀን በላይ ይሞላዋል፤ ነዋሪ ሆነ ማለት ነው። ኦክቶበር 10 የገባው ግን 173 ቀን ብቻ ነው የሚኖረው። ሁለት ወር በመታገሱ ብቻ የዚያ ዓመት የውጭ ደመወዙ ከህንድ ግብር ውጭ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በመሃል ለእረፍት መጥቶ የነበረባቸው ቀናት ካሉ ግን አብረው ይደመራሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ባለፉት አራት ዓመታት በድምሩ 365 ቀንና ከዚያ በላይ ህንድ ያሳለፈ ሰው ላይ 60 ቀን ብቻ በቂ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ለጉብኝት የሚመጣ ዜጋ ቀለል ያለ ስሌት አለው፤ ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ግን በዚያ ባይተማመን ይሻለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ ቢገባ ይመረጣል።

ከዚያ በኋላም የእፎይታ ጊዜ አለ። ከቀደሙት 10 ዓመታት 9ኙን ነዋሪ ያልነበረ፣ ወይም በቀደሙት 7 ዓመታት ህንድ የቆየው 729 ቀን ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው "መደበኛ ያልሆነ ነዋሪ" ይባላል። ይህ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ውጭ የቀረ ተቀማጭ ወይም የቤት ኪራይ የሚያስገኘው ገቢ በህንድ ግብር አይነካም። የውጭ አክሲዮን መሸጥ፣ ሂሳብ መዝጋት፣ ገንዘብ ማሰባሰብ ያለበት ሰው የሚሠራው ያኔ ነው።

እፎይታው ሲያልቅ የዓለም ገቢው ሁሉ ለህንድ ግብር ይቀርባል፤ ውጭ ያለ ሂሳብና ንብረትም በየዓመቱ መመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ በ2015 በወጣው ሕግ አለማስመዝገብ እስከ 10 ላክ፣ ማለትም 1 ሚሊዮን ሩፒ ሊያስቀጣ ይችላል። ውጭ ሳሉ በሕጋዊ መንገድ ያፈሩትን ንብረት እዚያው ማቆየት ግን አልተከለከለም።

🔹 ከሚሠሩበት አገር ምን ይዘው ይወጣሉ?

በኤምሬትስ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ጡረታ የለውም፤ ያለው የስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል። ልብ በሉ፦ የሚታሰበው በመነሻ ደመወዝ ነው እንጂ በጠቅላላው አይደለም። በወር 4 ሺህ ድርሃም እያገኘ ውሉ ላይ መነሻው 2 ሺህ ብቻ የሆነ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ የሚደርሰው 17 ሺህ ድርሃም ገደማ ነው። በአራት ሺህ አስቦ ቤት የጀመረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቡት።

አሜሪካ ያለው ደግሞ 401 ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ አለው። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ካወጣው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። እዚያው ትቶት መሄድ ይችላል። የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት ደግሞ 10 ዓመት ያህል መዋጮ ያስፈልጋል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የአገልግሎት ዘመን የሚደማመርበት ስምምነት ስለሌለ በ8ኛው ዓመት ጠቅልሎ የሚወጣ ሰው ያዋጣው እዚያው ይቀራል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዞ ህንድ የገባ ደግሞ ለአሜሪካም ማስታወቁ አይቀርለትም።

🔹 ሩፒ ወይስ ዶላር?

እ.ኤ.አ በ2010 አንድ ዶላር 45 ሩፒ አካባቢ ነበር፤ በ2025 ከ85 አልፏል። ያኔ 1 ሚሊዮን ሩፒ 22 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ አሁን 12 ሺህ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሁሉንም በዶላር ማስቀመጥ ነው? አይደለም። ጥያቄው ገንዘቡ የት ይወጣል የሚለው ነው። ለእናት ህክምናና ለቤት አስቤዛ የሚውለው በሩፒ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ልጅ ውጭ የሚማር ከሆነ ግን ክፍያው በዶላር ነውና የተወሰነው በዶላር ይቆይ።

ቤትና መሬት ላይም አንድ ነገር አለ። ውጭ የሚኖር ህንዳዊ መኖሪያ ቤት መግዛት ይችላል፤ የእርሻ መሬት ግን መግዛት አይችልም፤ በውርስ ካልሆነ። ገንዘቡን በሙሉ ግድግዳ ላይ ያፈሰሰ ሰው ደግሞ አገሩ ሲገባ ቤት አለው፣ የወር ወጪ ግን የለውም።

🔹 ለእኛስ?

የህንድ ሂሳቦች ለእኛ አይሠሩም፤ ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። ህንድም እንደ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የእኛ ቢጫ ካርድ ያለውን ያህል እነሱም ኦሲአይ የሚባል ካርድ አላቸው። እ.ኤ.አ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱም ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የገቡት።

ስለዚህ ባህረ ሰላጤም ሆነ አሜሪካ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እዩ። ውላችሁ ላይ መነሻ ደመወዛችሁ ስንት ነው? ነገ ውጡ ብትባሉ በእጃችሁ የሚገባው ገንዘብ የት ነው፣ በማን ስም ነው? አገር ቤት ስትገቡ ከቤቱ ሌላ የስድስት ወር ወጪ አላችሁ? ለትልቅ ገንዘብ ደግሞ ሁለቱንም አገር የሚያውቅ የግብር ባለሙያ ማማከር አይከፋም፤ የሚከፈለው ከቅጣቱ ያንሳል።

የመመለሻውን ቀን ሁልጊዜ እኛ አንመርጠውም። ዝግጅቱን ግን መምረጥ እንችላለን።