ሰረዘ፣ ጣለ፣ ደመሰሰ፦ በሦስት የስልክ ሥርዓቶች የኢሜይል ቃላት ታሪክ

እንደሚታወቀው፣ ለአንድ የባዕድ ሙያ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ መመደብ በሙያ ቃላት ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ቃሉ የኬሚስትሪ ወይም የሒሳብ በሆነ ጊዜ ልማዱ እምብዛም ጉዳት አያስከትልም፤ ኦክስጅን በለንደንም በጎንደርም ኦክስጅን ነውና። በስማርት ስልክ የሚነበበው ኢሜይል ግን ይህን ልማድ የሚፈታተን ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በአንዱ ስልክ ላይ አንድ ተግባር ሲያመለክት በሌላው ስልክ ላይ ሌላ ተግባር ያመለክታል፤ ተርጓሚውም ከፊቱ ያለውን ቃል እንጂ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ተግባር ስለማያይ፣ ሁለቱን በአንድ አማርኛ ይጠቀልላቸዋል። ውጤቱ «ደብዳቤዬን ሳልፈልግ አጠፋሁት» ወይም «አጥፍቼው ሳለ ተመልሶ መጣ» የሚል ስሞታ ነው። የችግሩን ምንጭ ለመረዳት ሥርዓቶቹ የመጡበትን መንገድ መመልከት ስለሚያስፈልግ፣ ከዚህ ቀጥሎ ብላክቤሪን፣ አይፎንንና አንድሮይድን በየተራ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ኢሜይል ከስማርት ስልክ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በአርፓኔት መረብ ላይ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልእክት የላከውና የተቀባዩን ስም ከኮምፒውተሩ ስም የሚለየውን ምልክት የመረጠው በ1971 ነበር። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በ1980ዎቹ የተደነገጉት ሁለት የአወሳሰድ ሥርዓቶች ናቸው። በ1984 የወጣው ፖፕ ደብዳቤውን ከማከማቻው አውጥቶ ወደ ባለቤቱ መሣሪያ ይወስደዋል። በ1986 ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ የጀመረው አይማፕ ግን ደብዳቤውን ከማከማቻው አያነሣውም፤ ባለቤቱ ከየትኛውም መሣሪያ ሆኖ እዚያው ያነበዋል። በመጀመሪያው «ደብዳቤው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «በእጅህ» ይባላል፤ በሁለተኛው «በመዝገብ ቤት»። ኋላ በስልኮቹ መካከል የታየው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመነጭ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ወደ ስልኮቹ ስንመጣ ቀዳሚው ብላክቤሪ ነው። በካናዳ፣ ዋተርሉ ከተማ የተቋቋመው ሪሰርች ኢን ሞሽን በ1999 ያወጣው ብላክቤሪ 850 ለጥሪ ሳይሆን ለመልእክት የተሠራ፣ በአውራ ጣት የሚጻፍበት ትንሽ መሣሪያ ነበር። የአዲስነቱ ምሥጢር ባለቤቱ ደብዳቤ መኖሩን መጠየቅ ሳያስፈልገው ደብዳቤው ራሱ እየገሠገሠ መምጣቱ ላይ ነው። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከአገራችን ፖስታ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በኢትዮጵያ ደብዳቤ የሚጠበቀው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ባለሣጥኑ ቁልፉን ይዞ ካልሄደ ደብዳቤው ወር ቢሞላውም ከሣጥኑ አይወጣም። ብላክቤሪ ይህን ሣጥን በተላላኪ ተካው። ተላላኪው ሲታመም ግን ደብዳቤው መንገድ ላይ ይቀራል፤ በጥቅምት 2011 በኩባንያው መረብ ላይ በደረሰው ብልሽት በበርካታ አህጉራት የሚገኙ ተጠቃሚዎች ለቀናት ያለ ኢሜይል የቀሩት መልእክቱ ሁሉ በዚያው በአንድ ተላላኪ እጅ ያልፍ ስለነበረ ነው።

በሰኔ 2007 ለገበያ የቀረበው አይፎን፣ ስክሪኑና የድረ ገጽ አነባበቡ የቱንም ያህል ቢደነቅ፣ በኢሜይል ረገድ ወደ ፖስታ ሣጥኑ የተመለሰ ነበር። ከያሁ ደንበኞች በቀር ሌላው ተጠቃሚ ስልኩ በየ15 ደቂቃው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ወደ ሣጥኑ ሄዶ እንዲያይለት ያዝዝ ነበር። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ መልእክት ሳይጠየቅ ወደ አይፎን መምጣት የጀመረው በሐምሌ 2008 ከወጣው ሁለተኛው ቅጂ ወዲህ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን አሠራሮች «ፑሽ» እና «ፌች» እያለ ይለያቸዋል። «ፑሽ»ን «መግፋት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም። በአማርኛ የሚገፋ ነገር ወይ ከብዶ አልንቀሳቀስ ያለ ነው፣ ወይ ከቦታው እንዲርቅ የተፈለገ ነው፤ የተገፋ ሰውም የተበደለ ሰው ነው። ደብዳቤ ግን ይደርሳል። አባቶቻችን ደብዳቤያቸውን «ይድረስ ለ» ብለው ሲጀምሩ የገለጹት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማድረስ»፣ ለሁለተኛው «ማምጣት» ብንል አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሦስተኛው አንድሮይድ ነው፤ በጥቅምት 2008 የመጀመሪያው ስልክ ሲሸጥ የጂሜይልን አሠራር በሙሉ ይዞ ወጣ። ጂሜይል በሚያዝያ 1 ቀን 2004 ሲጀመር አንድ ጊጋባይት ቦታ ለያንዳንዱ ተጠቃሚ ስለ ሰጠ፣ ከእንግዲህ ደብዳቤ መጣል አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ ይዞ ነበር የተነሣው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደብዳቤን ቦታ አስቀረ። በሌሎቹ ሥርዓቶች ደብዳቤ በአንድ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደ ሌላ አቃፊ ሲዛወር ከመጀመሪያው ይወጣል። በጂሜይል ግን ደብዳቤው ሁሉ በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ያለ ሲሆን፣ «ገቢ» የሚባለውም ከደብዳቤው ላይ የሚለጠፍ ምልክት እንጂ ሣጥን አይደለም። አንድ ደብዳቤ ሁለት ሦስት ምልክት ሊኖረው ይችላል፤ ምንም ምልክት ባይኖረውም ከመዝገቡ አይጠፋም።

ተርጓሚው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «አርካይቭ» የሚለው ተግባር በጂሜይል «ገቢ» የሚለውን ምልክት ከማንሣት የዘለለ ትርጉም የለውም። በአማርኛ ይህን «በማኅደር አስቀምጥ» ስንለው አንባቢው ደብዳቤው አንድ ቦታ ሄደ ብሎ ያስባል። ማኅደር ከግእዙ ኀደረ የወጣ፣ የማደሪያ ቦታ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ ሰገባ፣ በመሥሪያ ቤት ደግሞ የሠራተኛው ሰነድ የሚታሰርበት ፋይል ነው። ይህ ቃል ኤክስቼንጅ በመሳሰሉት ሥርዓቶች፣ ደብዳቤው በእርግጥ ወደተለየ አቃፊ በሚዛወርበት ጊዜ፣ እጅግ ተስማሚ ነው። በጂሜይል ግን ተጠቃሚው ማኅደሩን ፈልጎ አያገኘውም፤ የለምና። ይባስ ብሎም ለዚያው ደብዳቤ አዲስ መልስ ሲመጣ የተነሣው ሁሉ ተመልሶ ከ«ገቢ» ላይ ይታያል። ለዚህኛው «ከገቢ ማንሣት» የሚለውን የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ፣ አንድሮይድ እስከ 2014 ድረስ ለጂሜይል አንድ፣ ለሌላው ኢሜይል ሁሉ ሌላ መተግበሪያ ስለነበረው፣ አንድ ሰው በአንድ ስልክ ላይ ሁለት መዝገበ ቃላት ይጠቀም ነበር ማለት ይቻላል።

መሰረዝን በሚመለከት ሦስቱ ሥርዓቶች በጉልህ ይለያያሉ። ብላክቤሪ ደብዳቤው ለባለቤቱ የተላከ ግልባጭ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከመሣሪያው ብቻ ይወገድ ወይስ ከዋናው ሣጥን ጭምር የሚል ምርጫ ነበረው። አይፎን እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውቅም ነበር፤ ጣት በደብዳቤው ርእስ ላይ ሲሳብ ቀይ ምልክት ይወጣል፣ ሲነካ ደብዳቤው ከዐይን ይሰወራል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው የጂሜይል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ምልክቱ ብቻ ነበር፤ ተጠቃሚው አጠፋሁት ያለው ደብዳቤ በትልቁ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆይ ነበር። አፕል በኋላ ላይ ለጂሜይል የቆሻሻ ቅርጫቱን ሥዕል በካርቶን ሥዕል እስከ መተካት የደረሰው ይህን ግጭት ለማስታረቅ ነው። በጂሜይል በራሱ የተጣለ ደብዳቤ 30 ቀን በመጣያው ውስጥ ቆይቶ ይደመሰሳል።

በአማርኛ የስልክ ገጾች ላይ ለዚህ ሁሉ «ሰርዝ» የሚል ቃል ሲሠራበት እናያለን፤ እንግሊዝኛው «ካንስል» የሚለውም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ቃል ይተረጎማል። ሰረዘ ማለት መስመር አሰመረበት ማለት ነው። የተሰረዘ ጽሑፍ ከወረቀቱ አልጠፋም፤ ከሥሩ ይነበባል፤ «ሥርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም» የሚባለውም ሥርዙ ስለሚታይ ነው። ጽሑፍን በእርግጥ ማስወገድ የፈለገ የብራና ጸሐፊ አይሰርዝም፣ በቢላዋ ይፍቃል እንጂ። ከዚህም ሌላ ሰረዘ በዘመናችን በይበልጥ የሚነገረው ስለ ውሳኔና ስለ ቀጠሮ ነው፦ ስብሰባው ተሰረዘ፣ በረራው ተሰረዘ፣ ጨረታው ተሰረዘ እንላለን። ስለዚህ ጽፎ ሳይጨርስ የተወውን ደብዳቤ በተመለከተ «ይሰረዝ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰረዘው ደብዳቤው ይሁን ትእዛዙ ለማወቅ አይችልም። ይህ የሥነ ቃላት ቀልድ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ሰው የሥራ ማመልከቻ ሊያጣ ይችላል።

«ማጥፋት» ደግሞ የራሱ ችግር አለው። መብራት ይጠፋል፣ ስልክም ይጠፋል፤ በስልክ ገጽ ላይ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ያየ ሰው መሣሪያው የሚዘጋ ሊመስለው ይችላል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ትእዛዝን ወይም ድርጊትን ለመተው «መሰረዝ»፣ ደብዳቤን ሊመለስ ወደሚችልበት መጣያ ለመስደድ «መጣል»፣ መመለሻ ለሌለው ማስወገድ «መደምሰስ»። የመጨረሻው የጦር ሜዳ ድምፅ አለው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቢኖረው ግን ምን ይጎዳል? ተጠቃሚው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ትንሽ ቢደነግጥ መልካም ነው። ቃላቱን በአርእስት መልክ የሰጠነውም ሆነ ብለን ነው፤ «ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝ የሚያነጋግረው አንድን ወንድ ብቻ ሲሆን የስልኩ ባለቤት ግን ወይዘሮም ሽማግሌም ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁሉም ቃል ግን እንዲህ አያስቸግርም። የአማርኛ የጽሕፈት ቤት ልማድ አስቀድሞ ያዘጋጀልን አለ። በደብዳቤ ግርጌ የሚጻፈው «ግልባጭ» ለኢሜይሉም ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ሌሎች ሳያዩት ለሚላከው «ስውር ግልባጭ» ማለት ይበቃል። ተከታታይ ደብዳቤዎችን በአንድነት ማሳየትን ጂሜይል ከመነሻው ይዞት ሲወጣ፣ አይፎን በሰኔ 2010 በአራተኛው ቅጂ የየሣጥኑን ገቢ በአንድ ገጽ ከማቅረብ ጋር ጨመረው። እንግሊዝኛው ይህን በክር ይመስለዋል። እኛ ግን በደብዳቤያችን አናት ላይ «ጉዳዩ» የሚል መስመር ስላለን፣ በዚያ ሥር የተሰበሰበውን ሁሉ «አንድ ጉዳይ» ብንለው ክር መፍተል አያስፈልገንም።

የፊደላችንንም ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የተካተተው በ1999፣ ማለትም የመጀመሪያው ብላክቤሪ በወጣበት ዓመት ነው። ቁጥር ማግኘት ግን መታየት ማለት አልነበረም፤ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ስልክ ላይ የተከፈተ የአማርኛ ደብዳቤ በባዶ አራት ማዕዘን የተሞላ ገጽ ሆኖ ይታይ ነበር። ደብዳቤው በማከማቻው ውስጥ ሙሉ ነው፤ በሌላ ስልክ ቢከፈት ይነበባል። ከአገር ቤትም ሆነ ከዋሺንግተን የሚጻፉ ብዙዎች በዚህ ምክንያት አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመዱ፤ «ጠራ» እና «ተራ» የማይለዩበት ጽሑፍም ተስፋፋ።

ከሦስቱ ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን በ2010 መጥቶ፣ ተከታዩም በጥር 2020 ድጋፉ ተቋርጦ አለፈ፤ የቀድሞው የብላክቤሪ ሥርዓት አገልግሎት በጥር 2022 ተዘጋ። የተላላኪው ነገር ግን በሁለቱም ወራሾች ላይ ይኖራል።

በመጨረሻ ገና መልክ ያልያዘ አንድ ቃል እናንሣ። በ2013 የወጣው ሜይልቦክስ የተባለ መተግበሪያ፣ ራሱ በ2016 ቢዘጋም፣ ደብዳቤን ለተወሰነ ጊዜ ከዐይን ሰውሮ በተባለው ሰዓት መልሶ የማቅረብን ልማድ አስፋፋ፤ ጂሜይልም አይፎንም ተከተሉት። እንግሊዝኛው ለዚህ «ስኑዝ» የሚል፣ ከማንቂያ ደወል የተወሰደ ቃል ይሠራበታል፤ በጥሬው «አሸልብ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። በአማርኛ ግን አሸለበ የተባለ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለሞተም ሰው በአክብሮት አሸለበ ይባላልና ደብዳቤው ለዘላለም ያረፈ ያስመስለዋል። ፍርድ ቤቶቻችን ዛሬ የማይታይን ጉዳይ ወደ ሌላ ቀን ሲያስተላልፉ «ቀጠሮ ሰጡ» ይባላል። «ቀጥር» ብቻ እንዳንል ሠራተኛ መቅጠር ያሳስታል፤ «ቀጠሮ መስጠት» ግን በሁለቱም ስልኮች ላይ ያለውን ተግባር ሳይጎድልና ሳይተርፍ ይገልጻል።