ኀዘን በተቀረጸ ሥዕል፤ የከፋ ምሳሌነት

የሰውን መከራ ለሚመጣው ትውልድ የሚያስተላልፈው ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ሥዕልም ነው። የሎሬን ተወላጅ የሆነው ዣክ ካሎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1633 ዓ.ም. የጦርነትን መከራ በ18 ሥዕሎች በመዳብ ላይ ቀርጾ አሳተመ። የእስፓኛው ጎያ በዚሁ ጉዳይ የቀረጻቸው 80 ሥዕሎችም እርሱ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ፥ በ1863 ታተሙ። ሁለቱም ጦርነት የገዛ አገራቸውን ሲያጠፋ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

የከፋ ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ቦንጋ ቡና፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፥ ከዚያም ጋር ሰው የሚሸጥባት ገበያ ነበረች። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843፥ ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ በ1859 ከፋ ደረሱ። አባ ማስያስ በ1861 ከዚያ ከተባረሩ በኋላ፥ ትዝታቸውን ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጾች አሳተሙ፤ መጽሐፉም የተቀረጹ ሥዕሎች አሉት።

የዚያ ዘመን የጉዞ መጻሕፍት ሥዕል በብዙ እጅ ያልፍ ነበር። ተጓዡ ያየውን ይነድፋል ወይም ይናገራል፤ በአውሮፓ ያለ ሠዓሊ ያስተካክለዋል፤ ቀራጩም በጽኑ እንጨት ላይ ነጭ የሚሆነውን እየፈለፈለ፥ የሚታተመውን መስመር ብቻ ከፍ አድርጎ ያስቀራል። አገሩን ያላየ ቀራጭ ለኀዘንተኛው የሚሰጠው ራሱ የሚያውቀውን የኀዘን መልክ ነው፤ ይኸውም ያቀረቀረ ራስ፥ ፊትን የሸፈነ እጅ፥ በሰንሰለት የተያያዘ ረድፍ ነው። አንባቢው ያዝናል፤ ያለቀሰው ማን እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወግተው ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ማረኩ። በኋላ ከራስ ጦር ጋር የተጓዘው ሩሲያዊው መኰንን ቡላቶቪች፥ በመናገሻዋ በአንድራቻ አጠገብ ሜዳው በሰው አጥንት ተሸፍኖ እንዳየ በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የቀራጩ ጊዜ እያለፈ፥ የፎቶግራፍ ጊዜ እየገባ ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፍ እንኳ ዘግይቶ ከደረሰ የሚያገኘው አጥንቱን እንጂ ልቅሶውን አይደለም።

በዚህ ረገድ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያስተምረን ነገር አለ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፥ በዳይ በአንድ ዓይን ከጎን ይሣላል። ሰማዕቱ በሥቃይ መካከል ሳለ ተመልካቹን ያያል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ከሥዕሉ ጋር ይጻፍለታል።

ስለዚህ መምህር ስለ ከፋ ሲያስተምር የዱሮውን ሥዕል ቢያሳይ መልካም ነው፤ ማን እንደ ሣለውና ከማን ሰምቶ እንደ ሣለው ግን አብሮ ያስረዳ። የቦንጋ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት የሟች ወይም የተማረከ ሰው ስም ቢኖር፥ ተማሪው በሥዕሉ አጠገብ ይጻፈው። መከራው የተሣለለት ሕዝብ ስሙም ሊጻፍለት ይገባል።