ተሽከርካሪን በመኖሪያ ግቢ የውሃ ነጠብጣብ ሳይቀር ስለማጠብ

ተሽከርካሪ ከታጠበ በኋላ በቀለሙና በመስታወቱ ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ውሃው ሲተን የሚቀር የካልሲየምና የማግኒዚየም ማዕድን ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ፣ የከርሰ ምድር ውሃቸው በእነዚህ ማዕድናት በበለጸገ ከተሞች ችግሩ ጎልቶ ይታያል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ነጠብጣቡ በወቅቱ ካልተወገደ ቀለሙን ይጎዳል። በፊት መስታወት ላይ ሲሆን ደግሞ የመጪ ተሽከርካሪ መብራት እንዲበተን በማድረግ በምሽት የአሽከርካሪውን ዕይታ ይቀንሳል።

ስለሆነም ባለንብረቶች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

1. ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በጥላ ሥር፣ ኮፈኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ማጠብ፤
2. አንድ ባልዲ ለሳሙና ውሃ፣ ሌላ ባልዲ ጨርቁን ለማለቅለቅ መጠቀም፤
3. ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች በየክፍሉ ማጠብና ሳሙናው ሳይደርቅ ማለቅለቅ፤
4. ከተገኘ፣ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ማዕድን እምብዛም የሌለውን ንጹህ የዝናብ ውሃ መጠቀም፤
5. ውሃው በራሱ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ንጹህና ለስላሳ በሆነ ጨርቅ ወዲያውኑ ማድረቅ።

ቀደም ሲል የደረቀ ነጠብጣብ ካለ፣ እኩል መጠን ውሃ በተቀላቀለበት ነጭ አቼቶ የራሰ ጨርቅ ለአጭር ጊዜ አሳርፎ በቀስታ መጥረግና በውሃ በሚገባ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። በደረቁ መፋቅ ቀለሙን ስለሚጭር ሊወገድ ይገባል።

በተከፈተ የውሃ ጎማ ፋንታ በባልዲ ማጠብ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚውለውን ውሃ ይቆጥባል። የእጥበት ፍሳሽም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይገባ ጥንቃቄ ማድረግ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው።